ካንሰሩ ጉበቴ ደርሷል፤ ጡረታዬን ልጠብቅ ወይስ ዲሴቢሊቲ ልጠይቅ?

ጥያቄ

እህቴ፣ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስሽ። 61 ዓመቴ ነው። ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ እኖራለሁ። ዋሽንግተን መሀል ከተማ በአንድ የፓርኪንግ ድርጅት ከሃያ ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። መኪና ከማቆም ጀምሬ ዛሬ የሦስት ጋራዥ ኃላፊ ነኝ። ዜግነት ወስጃለሁ፣ ቤት ገዝቻለሁ፣ ሀገር ቤት ላሉት እናቴና እህቶቼ በየወሩ እልካለሁ። የሰው ፊት ሳላይ የኖርኩ ሰው ነኝ።

ከፋሲካ በኋላ ሆዴን ሲያመኝ ከርሞ ስመረመር የአንጀት ካንሰር ተገኘብኝ። ወደ ጉበቴም ተሰራጭቷል። ሐኪሟ “አራተኛ ደረጃ ነው፣ በቀዶ ሕክምና ጠርገን የምናወጣው አይደለም፣ ግን በመድኃኒት እናቆየዋለን” አለችኝ። በየሁለት ሳምንቱ ኪሞ እወስዳለሁ። የመድኃኒቱን ፓምፕ ወገቤ ላይ ታጥቄ ወደ ቤት እመለሳለሁ፤ ሁለት ቀን አብሮኝ ያድራል። ጣቶቼ ይደነዝዛሉ፣ ቀዝቃዛ ነገር ስነካ ይነዝረኛል። የደንበኛ ቁልፍ ከእጄ ይወድቃል። አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች እየሸፈኑልኝ ነው እንጂ ሥራውን እየሠራሁት አይደለም። የኤችአር (የሠራተኛ አስተዳደር) ኃላፊዋ የሆኑ ወረቀቶች ሰጥታኝ ነበር፤ መኪናዬ ውስጥ ካስቀመጥኳቸው ወር አለፋቸው።

ባለቤቴ የአንጀት ካንሰር መሆኑን ታውቃለች። ጉበቴ መድረሱን ግን አልነገርኳትም፤ “በኪሞ ይጠፋል” ብላ በተስፋ ነው ያለችው። ሆስፒታል የምታስተረጉምልኝ የ21 ዓመቷ ልጄ ናት፤ ለእናቷ እንዳትነግር አስምያታለሁ። ወንዱ ገና 15 ዓመቱ ነው። የሁላችንም ኢንሹራንስ በእኔ ሥራ ነው።

አንድ የቤተ ክርስቲያን ወዳጄ “ዲሴቢሊቲ ከጠየቅህ ቤትህን ያስይዙሃል፤ 62 ሊሞላህ ሰባት ወር ነው የቀረህ፣ ጡረታህን በክብር ውሰድ” ይለኛል። ወንድሜ ደግሞ “ሁሉንም ትተህ ና፣ ጠበል ግባ” እያለ በየቀኑ ይደውላል። እኔ ግን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። በሕይወቴ የመንግሥት እርዳታ በልቼ አላውቅም። “መሥራት አልችልም” ብዬ መፈረም ደግሞ ሞቴን መፈረም ይመስለኛል። ምን ትመክሪኛለሽ? ባለቤቴ ይህን ዓምድ ስለምታነብ ስሜ ይቅር።

የደከመው አባት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ

ውድ ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት እግዚአብሔር ይማርዎ። ይህን መልስ ለአንባቢ ከማቅረቤ በፊት ለእርስዎ በግል ልኬልዎታለሁ፤ ምክንያቱን ወደ በኋላ እነግርዎታለሁ። መጀመሪያ ጊዜ የማይሰጠውን ነገር እናንሣ።

ሰባት ወሩን አይጠብቁ። ወዳጅዎ ለእርስዎ አስበው እንደመከሩ አልጠራጠርም፤ ምክሩ ግን ይጎዳዎታል። በ62 የሚወሰድ የሶሻል ሴኩሪቲ፣ ማለትም የአሜሪካ መንግሥት የማኅበራዊ ዋስትና፣ ጡረታ ቅናሽ ጡረታ ነው። በ1960 እና ከዚያ ወዲህ ለተወለደ ሰው ሙሉ ጡረታ የሚጀምረው በ67 ዓመቱ ነው። በ62 የጀመረ ሰው የሙሉውን 70 በመቶ ብቻ ያገኛል፣ ቅናሹም አብሮት ይኖራል። ዲሴቢሊቲ፣ በሕመም መሥራት ላቃተው ሠራተኛ የሚሰጠው ክፍያ፣ ግን ሳይቀነስ ነው የሚከፈለው። በ67 ዓመትዎ በወር 2,000 ዶላር የሚያገኙ ቢሆን፣ በ62 ጡረታ ቢወጡ 1,400 ያገኛሉ፤ ዲሴቢሊቲ ቢፈቀድልዎ ግን 2,000 አካባቢ። 67 ሲሞላዎ ስሙ ወደ ጡረታ ይለወጣል እንጂ ገንዘቡ አይቀንስም። በቅናሽ የጀመሩት ጡረታ፣ አንድ ቀን ባለቤትዎ በእርስዎ ስም የሚደርሳትንም ሊቀንሰው ይችላል። ስለዚህ ጥያቄው የእርስዎ ብቻ አይደለም።

የዲሴቢሊቲው መልስ ሳይመጣ 62 ቢሞላዎ እንኳ ሁለቱንም በአንድ ላይ ማመልከት ይቻላል። ጡረታውን ብቻ ይዞ ዲሴቢሊቲውን መተው ነው ስሕተቱ።

ስለ ቤትዎ ይረጋጉ። ወዳጅዎ ሁለት ነገር የቀላቀሉ ይመስለኛል። ኤስኤስአይ የሚባል ሌላ ክፍያ አለ፤ እሱ ለድኻ የሚሰጥ ስለሆነ ያለዎትን ንብረት ይቆጥራል፣ ለአንድ ሰው ከ2,000 ዶላር፣ ለባልና ሚስት ከ3,000 ዶላር በላይ ቁጠባ አይፈቅድም። እሱም ቢሆን የሚኖሩበትን ቤት አይነካም። የእርስዎ ግን በሠሩበት ዘመን የሚታሰብ የሶሻል ሴኩሪቲ ዲሴቢሊቲ ነው። ቤት አለህ ወይ፣ ባንክ ስንት አለህ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ቤትዎን የሚያስይዝ ፊርማም የለበትም።

እስቲ የቅርብ ጊዜ የደመወዝ ወረቀትዎን ያውጡና ፊካ የሚለውን መስመር ይዩት። ከደመወዝዎ 6.2 በመቶ ለሶሻል ሴኩሪቲ ይቆረጣል፤ አሠሪዎም ሌላ 6.2 በመቶ ይጨምርበታል። ከሃያ ዓመት በላይ፣ በየደመወዙ። ከዚያ ገንዘብ ውስጥ ለሽምግልና የሚሆነው አለ፣ ሠራተኛው ሲታመም የሚሆነው አለ፣ ሲሞት ለልጆቹ የሚሆነው አለ። እርስዎ በበረዶ ቀን ጋራዥ ውስጥ ቆመው የከፈሉት ነው። ዕድር ውስጥ ለዓመታት ሲያዋጣ ኖሮ፣ ኀዘን ቤቱ ሲገባ “አልቀበልም፣ አፍራለሁ” የሚል ሰው አይተው ያውቃሉ? እኔ አላየሁም። እርስዎም ነገ አንድ አብሮዎት የሚሠራ ልጅ ቢታመም “ተው፣ አትጠይቅ፣ አንገትህን ትደፋለህ” እንደማይሉት ደብዳቤዎ ነግሮኛል።

ሞቴን መፈረም ይመስለኛል ያሉት ግን እንዲህ በሒሳብ የሚመለስ አይደለም። ለሃያ ዓመት ጠዋት ተነሥቶ ሥራ መሄድ ማንነት ሆኖ ይቀራል፤ ያንን በወረቀት ላይ አቆምኩ ማለት ከባድ ነው። ያም ሆኖ ፎርሙ ላይ የሚጠየቁት ስንት ጊዜ እንደሚኖሩ አይደለም። ዛሬ፣ በዚህ ሕክምና ላይ እያሉ፣ ሙሉ ሥራ መሥራት ይችላሉ ወይ ነው ጥያቄው። መልሱን ደግሞ ራስዎ ጽፈውልኛል፤ ቁልፍ ከእጄ ይወድቃል ብለዋል። ሐኪሟም “እናቆየዋለን” ነው ያለችዎ። መድኃኒቱ ሰምሮ ብርታትዎ ቢመለስ፣ ዲሴቢሊቲ የሚቀበል ሰው ክፍያው ሳይቋረጥበት ሥራ የሚሞክርበት የዘጠኝ ወር ዕድል አለው። በር አይዘጋብዎትም። ሥራውን ሲተዉ የሚተርፍዎትን ጉልበት ለምን ሊያውሉት ይፈልጋሉ? ይህን ጥያቄ ዛሬ ባይመልሱትም ይዘውት ይቆዩ።

አሁን ቅደም ተከተሉን ላስረዳዎ፤ እዚህ ላይ የሚሳሳት ሰው ብዙ ነው።

“ሥራ ለቅቄያለሁ” ብለው አይጻፉ፣ በቃልም አይበሉ። መኪናዎ ውስጥ ያለውን ወረቀት ያውጡና ኤችአሯን ሦስት ነገር ይጠይቋት። አንደኛው በፌዴራሉ የሕመም ፈቃድ ሕግ፣ ኤፍኤምኤልኤ በሚሉት፣ የሚሰጠው የ12 ሳምንት ፈቃድ ነው። ድርጅትዎ 50 ሠራተኛ ካለው ይገባዎታል፤ በዚያ ጊዜ የቤተሰቡ ኢንሹራንስ እንደነበረው ይቀጥላል፣ እርስዎም እንደ ወትሮው ድርሻዎን ይከፍላሉ። ፈቃዱ ግን ደመወዝ የለውም። ሁለተኛው የዋሽንግተን ዲሲ የሚከፈልበት የሕመም ፈቃድ ነው። ሜሪላንድ ቢኖሩም ሥራዎ ዲሲ ውስጥ ስለሆነ ሊያገኙት ይችላሉ፤ እስከ 12 ሳምንት ከደመወዝዎ የተወሰነውን የሚከፍለው ከተማው ነው። ሦስተኛው ድርጅቱ የገባልዎ የግል የዲሴቢሊቲ ኢንሹራንስ አለ ወይ የሚለው ነው። ብዙ ሰው በየወሩ ከደመወዙ እየተቆረጠበት መኖሩን ሳያውቅ ይቀራል።

እነዚህን የማነሣው ሶሻል ሴኩሪቲ ወዲያው ስለማይከፍል ነው። ሥራ መሥራት ካቃተዎት ቀን ጀምሮ አምስት ሙሉ ወር ያስጠብቃል። የመጀመሪያው ክፍያ የስድስተኛው ወር ነው፣ እሱም የሚገባው በሚቀጥለው ወር ነው። ካንሰሩ የቱንም ያህል ቢበረታ ይህ አምስት ወር አይቀርም፤ እኔ በበኩሌ እንዲህ ለታመመ ሰው ፍትሐዊ ነው ብዬ አላምንም፣ ግን ሕጉ ይህ ነው። የዲሲው ክፍያ የክፍተቱን ከፊል ይሸፍንልዎታል። ደግሞም በ2026 በወር ከ1,690 ዶላር በላይ በሥራ የሚያገኝ ሰው፣ ሕመሙ ምንም ቢሆን፣ “እየሠራ ነው” ተብሎ ማመልከቻው በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ በደመወዝ ላይ ሳሉ ቢያመለክቱ አይሳካም፤ ፈቃድ ላይ ሲወጡ ወዲያው ያመልክቱ። ከፈቃዱ የሚያገኙት የሕመም ክፍያ እንደ ሥራ ገቢ አይቆጠርም።

ውሳኔው ራሱ በእርስዎ ጉዳይ ረጅም ጊዜ ላይወስድ ይችላል። ሶሻል ሴኩሪቲ ከ2008 ጀምሮ ከባድ ሕመሞችን ለይቶ ከሌላው ፋይል አስቀድሞ ያያል፤ ኮምፓሽኔት አላውንስ ይሉታል። ወደ ሌላ አካል የተሰራጨ የትልቁ አንጀት ካንሰር በዚያ ዝርዝር ውስጥ አለ። እንዲህ ያለው ማመልከቻ ወራት መቁጠሩ ቀርቶ በሳምንታት ሊወሰን ይችላል። ግን ፋይሉ ተለይቶ እንዲወጣ ጉበት መድረሱ በግልጽ መጻፍ አለበት። በ1-800-772-1213 ሲደውሉ ከስምዎ ቀጥሎ የሚናገሩት “የአንጀት ካንሰር አለብኝ፣ ወደ ጉበቴ ተሰራጭቷል፣ አራተኛ ደረጃ ነው” የሚለውን ይሁን። የአማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ በነፃ ያቀርባሉ። ከሐኪም ቤት ደግሞ የናሙናው ውጤት፣ ጉበቱን ያሳየው የሲቲ ስካን ዘገባና ሐኪሟ የሕክምናውን ዕቅድና ያቃተዎትን ነገር የጻፈችበት ደብዳቤ ያስፈልጋል። የካንሰር ክፍሉ ሶሻል ወርከር ይህን በየቀኑ የምትሠራው ሥራ ነው፤ ለእሷ ይስጧት። ሰፈር ውስጥ “ፎርም ልሙላልህ” እያሉ አስቀድመው ገንዘብ ለሚጠይቁ ሰዎች አይስጡ። ጠበቃ እንኳ ክፍያውን የሚያገኘው ሶሻል ሴኩሪቲ ሲፈቅድለት፣ ካሸነፉም ከተጠራቀመው ገንዘብ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እንነጋገር። ሐኪሟ “እንዴት ሰነበቱ?” ስትልዎ ምን ይመልሳሉ? ልገምት፤ “ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።” አስተዳደጋችን ነው፣ ያምራልም። ሐኪሟ ግን የሰማችውን ኮምፒውተሩ ላይ ትጽፈዋለች፦ ታማሚው ደህና መሆኑን ገልጿል። ያ ጽሑፍ ነው ሶሻል ሴኩሪቲ ጠረጴዛ ላይ የሚደርሰው። ስንት ሀበሻ በጠና ታሞ ማመልከቻው የሚወድቅበት እንዲህ ነው። ልጅዎ ደግሞ አጠገብዎ ተቀምጣ እያስተረጎመች፣ አባት ሆነው “ሌሊት በሕመም አልተኛሁም፣ ሽንት ቤት ደርሼ ለመመለስ ሁለት ጊዜ ዐረፍኩ” ማለት እንዴት ይሆንልዎታል? አይሆንልዎትም። ፈጣሪን ያመስግኑ፤ ቀጥለው ግን ያመመዎትን ይናገሩ። ፎርሙ ላይም እንዲሁ ነው። “መንዳት ትችላለህ?” ሲል “አዎ” ብለው አይለፉት። ፓምፑ ካለ ሁለት ቀን እንደማይነዱ፣ ከዚያ በኋላም ጣትዎ ደንዝዞ መሪውን በደንብ እንደማይዙ ይጻፉ። ሻል ያለዎትን ቀን ብቻ አይጻፉላቸው፤ ከኪሞው በኋላ ያለውን ሦስተኛ ቀን ይጻፉላቸው። ማጋነን አያስፈልግም። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይሉ የለ።

አስተርጓሚውን ካነሣን ስለ ልጅዎ ልናገር፤ በደብዳቤዎ ውስጥ ከሁሉ ያስጨነቀችኝ እሷ ናት። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ የሕግ ግዴታ አለበት። ለሚቀጥለው ቀጠሮ በስልክም ይሁን በአካል ባለሙያ አስተርጓሚ ይጠይቁ። ልጅዎ አብራዎት ትምጣ፣ ግን ልጅ ሆና ትምጣ። አስቡት፣ ጉበት የሚለውን ቃል መጀመሪያ የሰማችው እሷ ናት። ሰምታ፣ ድንጋጤዋን ውጣ፣ ወደ አማርኛ መልሳ ለአባቷ ነገረች። ከዚያ ቤት ገብታ እናቷ ወጥ እየሠራች “ኪሞው ሲያልቅ እንዲህ እናደርጋለን” ስትል ዝም ብላ መስማት አለባት። እርስዎ ለቤተሰብዎ ከመሳሳት ነው ያስማሏት፤ ይህን እሷም ሳታውቀው አትቀርም። ማታ ግን ከማን ጋር ታለቅሳለች?

እና ባለቤትዎ። ከባድ ወሬ ቀስ ብሎ፣ ቀን ተመርጦለት፣ ሰው ተሰብስቦ ነው የሚነገረው፤ ይህ ልማዳችን ሰውን ለማቆየት የተበጀ ነው፣ አልነቅፈውም። በዚህ ቤት ግን ጊዜው የሚያልፍባት ባለቤትዎ ናት። ማመልከቻው ሲሞላ የእሷና የወንዱ ልጅዎ ስም ይጠየቃል፤ ዲሴቢሊቲው ሲፈቀድ ልጁ እስከ 18 ዓመቱ፣ ሁለተኛ ደረጃ ገና ካልጨረሰ እስከ 19 ድረስ የራሱን ክፍያ ያገኛል። እሷም እሱን እያሳደገች 16 እስኪሞላው ልታገኝ ትችላለች፣ የራሷ የሥራ ገቢ ብዙ ካልሆነ። የሁለቱ ተደምሮ እስከ እርስዎ ክፍያ ግማሽ ሊደርስ ይችላል። ኢንሹራንሱን ስታዞር፣ ደብዳቤ ሲመጣ፣ የምትፈርመው እሷ ናት። ሳታውቅ ይህን ልታደርግ አትችልም። ከወረቀቱም ይልቅ፣ አንድ ቀን በድንገት ስታውቅ “ለምን ብቻህን ተሸከምከው?” የሚለው ጥያቄ መልስ የሌለው ሆኖ እንዳይቀርባት እፈራለሁ።

ባለቤቴ ይህን ዓምድ ታነባለች ብለውኛል። ለእኔ ለመጻፍ የመረጡት እሷ የምታነበውን ዓምድ ነው። ልቤ እንዲህ አለኝ፦ እኚህ ሰው መናገር ይፈልጋሉ፣ አፋቸው ግን እምቢ ብሏቸዋል። አስቀድሜ መልሱን የላክሁልዎ፣ ከእርስዎ አፍ እንጂ ከዚህ እንዳትሰማው ብዬ ነው። “ነገርኳት፣ አውጪው” የሚል መልእክት ከእርስዎ ሲደርሰኝ ነው ያወጣሁት።

መልእክትዎ ሲነግሯት እንዴት እንደሆነች አይናገርም፤ እኔም አልጠይቅም። የቀሩ ጥያቄዎች ካሏት ግን ሁላችሁም በአንድ ቀጠሮ ሐኪሟ ፊት ተቀመጡ። ምን ያህል ጊዜ፣ ምን ዓይነት ሕክምና፣ ሕመሙ ሲበረታ ምን ይደረጋል የሚለውን ሐኪሟ ትናገረው። ፓሊየቲቭ ኬር የሚባለው የሕመም ማስታገሻ ቡድን እንዲያያችሁም ጠይቁ። ስሙን ሰምተው ለመጨረሻ ሰዓት ብቻ የሚመጣ መስሏቸው የሚሸሹ ብዙ ናቸው። ከኪሞ ጋር አብሮ የሚሄድ ነው፤ የጣትዎን መደንዘዝና የሌሊቱን ሕመም የሚያክሙት እነሱ ናቸው። ወንዱ ልጅም 15 ዓመቱ ነው፤ አንድ ነገር እንዳለ ሳይሸተው አይቀርም። ሁሉን ባትነግሩት እንኳ የሚነገረው ነገር እውነት ይሁን።

ኢንሹራንሱ ላይ ልመለስ፣ ምክንያቱም ሥራ የሚያስቆየዎት እሱ ይመስለኛል። ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ ለዲሴቢሊቲ ተቀባይ የሚጀምረው ክፍያው ከጀመረ ከ24 ወር በኋላ ነው። አምስቱን የመጠበቂያ ወር ሲጨምሩበት 29 ወር ይሆናል። እስከዚያ ቤተሰቡን የሚያሻግር መንገድ ያስፈልጋል። ፈቃዱ አልቆ ከሥራ ሲለዩ፣ የድርጅቱን ኢንሹራንስ በራስዎ ወጪ የሚያቆዩበት ኮብራ የሚባል መብት አለ። ለመምረጥ 60 ቀን ይሰጡዎታል፣ ለ18 ወር ይቆያል። ሶሻል ሴኩሪቲ በኮብራው የመጀመሪያ 60 ቀን ውስጥ አካል ጉዳተኛ ነበሩ ብሎ ከወሰነ ደግሞ ወደ 29 ወር ይራዘማል፤ ውሳኔው በደረሰዎ በ60 ቀን ውስጥ ለኢንሹራንሱ ማሳወቅን አይርሱ። ኮብራ ውድ ነው። የባለቤትዎ ሥራ ኢንሹራንስ ካለው እናንተን ለማስገባት ያላት ጊዜ 30 ቀን ነው፤ ከሁሉ በፊት እሱን ትጠይቅ። ካልሆነ የሜሪላንድ የኢንሹራንስ ገበያ አለ፤ ሥራ የተለየ ሰው የዓመቱን ምዝገባ ሳይጠብቅ በ60 ቀን ውስጥ መመዝገብ ይችላል፣ ገቢያችሁ ሲያንስ መንግሥት ይደግፋል ወይም ሜዲኬይድ፣ ገቢው ላነሰ ሰው የሚሰጠው የመንግሥት ኢንሹራንስ፣ ይደርሳችኋል። ሜዲኬይድ ከ55 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ለነርሲንግ ቤት ዓይነት እንክብካቤ ያወጣውን ከሟች ንብረት ሊጠይቅ ይችላል፤ ባለቤት በሕይወት እያለች ግን አይጠይቅም። ምናልባት የወዳጅዎ የቤት ስጋት ከዚህ የመነጨ ይሆናል። ወደ አዲስ ኢንሹራንስ ከመሻገራችሁ በፊት የአሁኗ ሐኪምዎና ሆስፒታሉ በዚያ ውስጥ መኖራቸውን አረጋግጡ።

ፎር ኦ ዋን ኬ የሚሉት የሥራ ቦታ የጡረታ ቁጠባ ካለዎ፣ 59 ዓመት ተኩል ስላለፈዎ ቀድሞ የሚያወጣ ሰው የሚከፍለው የ10 በመቶ ቅጣት አይነካዎም፤ የገቢ ታክሱ ግን አለ፤ ስለዚህ በአንድ ዓመት ሁሉንም አያውጡት። የሥራ ቦታዎን የሕይወት ኢንሹራንስም ይዩ። ከሃያ ዓመት በፊት ሲቀጠሩ ተጠቃሚ ብለው የማንን ስም ጻፉ? ያኔ ላጤ ሆነው ወንድማቸውን ጽፈው፣ ተጋብተው ወልደው ሳያስተካክሉ የቀሩ አሉ፤ ገንዘቡ የሚሄደው ለተጻፈው ስም ነው። ከሥራ ሲለዩም ኢንሹራንሱን ወደ ግል የሚያዞሩበት ጊዜ አጭር ነው፣ ብዙውን ጊዜ 31 ቀን። አንዳንዱ ለጸና ሕመምተኛ በሕይወት እያለ ከፊሉን ይከፍላል፤ ይጠይቁ።

የወንድምዎ ጥሪ ይቀራል። ሀገርን፣ እናትን ማየት መመኘትዎ አይገርመኝም። ዜጋ ስለሆኑ የሶሻል ሴኩሪቲ ዲሴቢሊቲ ኢትዮጵያ ሳሉም ይከፈልዎታል። ሜዲኬር ግን እዚያ አይከፍልም፣ ኪሞውም በየሁለት ሳምንቱ ነው። “ሁሉንም ትተህ” የሚለው ላይ ነው ከወንድምዎ የምለየው። ሐኪሟን “በሁለት ኪሞ መካከል ወይም ዕረፍት ሰጥታችሁኝ እናቴን አይቼ መምጣት እችላለሁ ወይ?” ብለው ይጠይቋት፤ እንዲህ ያለ ዕረፍት የሚሰጥበት ጊዜ አለ። ጠበሉን በተመለከተ፣ የኤችአይቪ መድኃኒት በመጣበት ዘመን ነፍሳቸውን ይማርና አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱና ጠበሉ አብረው እንዲወሰዱ በአደባባይ ተናግረዋል። ለወንድምዎ ይህን ይንገሩት። የንስሐ አባትዎንም ያማክሩ። ፓምፑ ተሰክቶ ሳለ ግን መርፌው ያለበት ቦታ ውኃ እንዳይነካው፤ ነጭ የደም ሴልዎ በሚወርድበት ሰሞንም ሰው ከተጨናነቀበት ይራቁ።

ለእናትዎና ለእህቶችዎ የሚልኩት ገንዘብ ሊቀንስ ነው። ይህን ከአሁኑ ይንገሯቸው። እርስዎ ለዓመታት የረዷቸው ሰዎች፣ ታመምኩ ሲሏቸው “ቀነስክብን” እንደማይሉ እገምታለሁ፤ ካሉም ባለቤትዎ ትመልስላቸው።

እንግዲህ ሰኞ ጠዋት ኤችአር ይደውሉ፣ በዚያው ቀን ለካንሰር ክፍሉ ሶሻል ወርከር። ለየትኛውም ጥያቄ ሌሊትም ቢሆን የአሜሪካ ካንሰር ሶሳይቲ በ1-800-227-2345 ያነሣል፤ እዚያም አስተርጓሚ ይጠይቁ። ከሶሻል ሴኩሪቲ የሚመጣ ደብዳቤ ሁሉ ተከፍቶ ይነበብ። “አልተፈቀደም” የሚል ቢመጣም ይግባኝ ለማለት 60 ቀን አለዎት፤ ያኔ አዲስ ማመልከቻ አይጀምሩ፣ በዚያው ፋይል ላይ ይግባኝ ይበሉ፣ የጎደለ የሐኪም ወረቀት ካለ ጨምሩበት፣ ለእኔም ይጻፉልኝ።